ጥያቄው ሰፊ፣ ድርጊቱ ጠባብ፦ የአመለካከት መጠይቄ የወደቀበት ቦታ

ለመመረቂያ ጽሑፌ የዶርም ተማሪዎች እጅ ስለመታጠብ ያላቸውን አመለካከት ከድርጊታቸው ጋር አነጻጽሬ ነበር። ፈቃድ ማውጣቱም ናሙና መምረጡም ያለ ችግር አለቀ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ የጥያቄዎቹ አጻጻፍ ነው፤ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር አንድ ሴሚስተር አላቃጥልም ነበር።

የመጀመሪያው መጠይቅ «በሳሙና መታጠብ ለጤና ይጠቅማል» በሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር የተሞላ ነበር። ከ1 እስከ 5 ካለው መለኪያ ሁሉም ማለት ይቻላል 5ን አከበበ። የሚታጠበውም የማይታጠበውም 5 ካለ ተዛምዶ (አመለካከትና ድርጊት አብረው የመሄዳቸው መጠን፤ 0 ከሆነ ምንም፣ 1 ከሆነ ፍጹም) ከየት ይመጣል? እኔ ደግሞ «አመለካከት ድርጊትን አይወስንም» ብዬ ልደመድም ምንም አልቀረኝም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አይዘንና ፊሽባይን እ.ኤ.አ. በ1977 መፍትሔውን ጽፈውታል፦ ጥያቄውና የሚለካው ድርጊት በአራት ነገር ይግጠሙ፤ ምን ማድረግ፣ በምን ላይ፣ የት፣ መቼ። ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ዴቪድሰንና ጃካርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት ሴቶች ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ በጥቅሉ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ክኒን ከመውሰዳቸው ጋር የነበረው ተዛምዶ 0.08 ነው። «በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ክኒን መውሰድ» ተብሎ ሲጠየቁ ግን 0.57 ደረሰ። ሴቶቹ እነዚያው ናቸው!

እኔም እንዲህ ለወጥኩት፦ «በሚቀጥለው ሳምንት ከዶርሜ ሽንት ቤት በወጣሁ ቁጥር እጄን በሳሙና መታጠብ ለእኔ…»፤ መልሱ ከ«አሰልቺ» እስከ «ደስ የሚል» ባለ 7 ደረጃ። ሰው የተለያየው እዚህ ላይ ነው። ውሃ በሚጠፋበት ዶርም «መታጠብ ብፈልግ እችላለሁ» የሚል ጥያቄም ለብቻው ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የደረቀ ቧንቧ እንደ መጥፎ አመለካከት ይቆጠራል።

የመጠይቅ አዘገጃጀት መመሪያ ብዙ ጊዜ ግማሹን ጥያቄ በአሉታ ጻፉ ይላል። በአማርኛ አትጻፉ። «መታጠብ አስፈላጊ አይደለም» ለሚለው «አልስማማም» ብሎ መመለስ ድርብ አሉታ ነው፤ ቸኩሎ የሚሞላ ሰው ይገለብጠዋል። አምስት ስድስት ተማሪ አስቀምጣችሁ ጮክ ብለው እያነበቡ እንዲመልሱ ብታደርጉ የት ላይ እንደሚደናቀፉ በጆሯችሁ ትሰማላችሁ።

ድርጊቱን ደግሞ ራሳቸውን አትጠይቁ። ቁጥር የተለጠፈበት ሳሙና ስጡና በሳምንቱ መጀመሪያና መጨረሻ መዝኑ። ደረቅ ሳሙና ከሆነ ካልሲ ያጥቡበታል፤ ውሃ ይዞም ይከብዳል። ፈሳሽ ይሁን፤ ለክፍል ጓደኞቻቸውም ለየብቻ ስጧቸው፣ አለዚያ የምትመዝኑት የአራት ሰው እጅ ነው።