ዌል ሻርኩ ይቅርብኝ፣ ምግቡን አሳዩኝ

በኅዳርና በታኅሣሥ ጅቡቲ የሚወርድ ቱሪስት አብዛኛው የሚመጣው አንድ ነገር ፍለጋ ነው። ዌል ሻርክ። በዓለም ላይ ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ። በዚያ ወቅት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አርታ ከሚባለው ዳርቻ ፊት ለፊት፣ አፉን በርግዶ ሲዋኝ ይታያል። እኔም የሄድኩት ወደዚያው ነው። የፈለግኩት ግን እሱን ሳይሆን ወደ አፉ የሚገባውን ነበር።

ፕላንክተን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ተንሳፍፈው የሚኖሩ ደቃቅ ፍጥረታትን፣ በማይክሮስኮፕ መቅረጽ የእረፍት ቀን ሥራዬ ነው። ሌላው ሰው ኳስ ያያል፣ እኔ የውሃ ጠብታ አያለሁ። የጀመርኩት ቢሾፍቱ ነው። አረንጓዴ ሐይቅን ያየ ሰው ቀለሙን አይረሳውም። ያን ቀለም የሚሰጠው ስፒሩሊና የሚባል ደቃቅ ፍጥረት ነው። ጠብታውን ማይክሮስኮፕ ሥር ስታደርጉት በተጠማዘዘ አረንጓዴ ክር ተሞልቶ ታገኙታላችሁ። ፍላሚንጎዎቹም የሚመጡት እሱን ብለው ነው። ግን ሐይቅ ሐይቅ ነው። ባሕር ውስጥ ሸርጣኑም፣ ትሉም፣ ኮከብ ዓሣውም፣ እሾሃሙ ኧርቺንም ልጅነቱን የሚያሳልፈው ተንሳፍፎ ነው፤ ያውም ወላጁን በጭራሽ በማይመስል መልክ። ይሄን ቢሾፍቱ አይሰጥም። ከአዲስ አበባ በባቡር የሚደረስበት ባሕር ደግሞ ጅቡቲ ብቻ ነው።

ዕቃዬ ብዙ አይደለም። አንድ የተማሪ ማይክሮስኮፕ፣ ስልክ፣ ስልኩን ከማይክሮስኮፑ ዓይን ጋር የሚያጣብቅ መያዣ፣ በፓወር ባንክ የሚሠራ መብራት፣ ስላይዶች፣ ጠብታ መሳቢያ። መረቡን ያሠራሁት ራሴ ነኝ። የፋብሪካው ውድ ነው፤ ቲሸርት አታሚዎች ለሲልክ ስክሪን የሚወጥሩት ናይለን ግን በሜትር ይሸጣል። ቀዳዳው 0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን መረጥኩ። ልብስ ሰፊዬ በሾጣጣ ቅርጽ ሰፋልኝ። አፉ ላይ የሽቦ ቀለበት፣ ጫፉ ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ገባለት። ሰፊው ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ "መረብ ነው፣ ለባሕር" አልኩት። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና "በዚህ የሚያዘው ምን ዓይነት ዓሣ ነው?" አለ።

ባቡሩ ከፉሪ ለቡ የሚነሳው በጠዋት ነው። መንገዱ ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አዳማን፣ አዋሽን፣ ድሬዳዋን እያለፉ መውረድ ብቻ ነው። ጃኬት ለብሶ የተሳፈረው ሁሉ ድሬዳዋ ሲደርስ በካናቴራ ነበር። እኔ ማይክሮስኮፑን ጭኔ ላይ አቅፌ ተቀምጫለሁ። ጎኔ የነበሩት እናት ሕፃን የያዝኩ መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ ሁለት ጊዜ "ትንሽ ልያዝልሽ?" አሉኝ።

ድንበር ላይ ሻንጣዬን ከፈቱት።

"ሐኪም ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ይሄ ምን ያደርግልሻል?"

"የባሕር ውሃ ልቀርጽበት ነው።"

ፈታሹ ጎንበስ ብሎ በማይክሮስኮፑ ዓይን አየ። "ምንም የለውም።" እኔም "ገና ባሕር አልደረስንማ" አልኩት። ሳቀና ዚፑን ራሱ ዘጋልኝ።

ስለ ጅቡቲ ከተማ ብዙ አላወራም። ውድ ናት፣ ትሞቃለች፣ ከቀትር በኋላ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ሲደርስ ሥራ ሁሉ ቀጥ ይላል። ጀልባ ለመከራየት የፈለገ በጠዋት ይነሳ። እኔ ያገኘኋቸው ጀልባ ነጂ ፀጉራቸው የሸበተ አፋር ናቸው። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው፤ ወደብ ላይ ከእኛ አገር ሹፌሮች ጋር ሲሠሩ ነው የለመዱት። የኢትዮጵያ ዕቃ በአብዛኛው በዚያ ወደብ ስለሚያልፍ አማርኛ የሚሰማ ሰው ማግኘት አይቸግርም። ዋጋ ስንነጋገር "ዌል ሻርክ ካላየሽ ግማሹን እመልሳለሁ" አሉኝ። "ጋሼ፣ ባላይም ግድ የለኝም" ስላቸው ዋጋ ለማውረድ የማደርገው ዘዴ መስሏቸው ኮስተር አሉ።

አርታ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። ደረቅና ጥቁር ተራራ እስከ ውሃው አፋፍ ይወርዳል። ከዳርቻው ብዙም ሳትርቁ ባሕሩ ድንገት ይጠልቃል። ዌል ሻርኮቹ እዚህ የሚሰበሰቡት ምግቡ እዚህ ስለሚሰበሰብ ነው። የሚመጡት በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው፣ ያውም ወንዶች፤ ሦስት አራት ሜትር የሚሆኑ። ትልልቆቹ ከዚህ እጥፍ በላይ ያድጋሉ።

መረብ መጎተት ትዕግሥት ይፈልጋል። ጀልባው ሰው በእግሩ ከሚሄደው ፍጥነት መብለጥ የለበትም። ከፈጠነ ውሃው በቀዳዳዎቹ ማለፍ ያቅተውና ከመረቡ አፍ ተመልሶ ይገፋል፤ የገባውም ጨርቁ ላይ ተደፍጥጦ ይሞታል። ጋሼ ሞተሩን እንደዚያ አዝግመው መንዳት አልወደዱም። "ይሄማ ቆሞ መሄድ ነው" እያሉ አጉረመረሙ። አምስት ደቂቃ ያህል ጎትቼ መረቡን ሳወጣው ጫፉ ላይ ያለው ጠርሙስ እንደ አጥሚት ወፍሯል። ቡናማና ሮዝ ቀላቅሎ፣ በሙሉ ይንቀሳቀሳል። ጋሼ ሞተሩን አጥፍተው መጡ። ጠርሙሱን ከዓይናቸው አስጠጉት።

"ልጄ፣ ይሄ ነው እንዴ የሚበላው?"

"ይሄው ነው።"

"ይሄን ሁሉ ዘመን ሰው ሳመላልስ ትንንሽ ዓሣ ይበላል ነበር የምለው።"

ወዲያው ከጀልባው ወዲያ አንዱ ብቅ አለ። ግራጫ ጀርባ፣ ነጫጭ ነጠብጣብ። ነጠብጣቡ በእያንዳንዱ ዌል ሻርክ የተለያየ ነው፤ ተመራማሪዎች በፎቶ የሚለዩዋቸው በእሱ ነው። አፉን ከፍቶ በዝግታ አለፈ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ዘሎ ነበር። ግን ጠርሙሱ ውስጥ ያሉት ጊዜ አይሰጡም። ሙቀትና መጨናነቅ በአንድ ሰዓት ይፈጃቸዋል። የያዝኩትን በሰፊ ባልዲ የባሕር ውሃ አሳሳሁት፣ ጥቂቱን ብቻ በማሰሮ ወስጄ ማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ አደረግኩ፣ ሌላውን እዚያው ለቀቅኩት።

ሥራው የሚጀምረው ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው። ጠረጴዛው ይወዛወዝ ስለነበር ማይክሮስኮፑን ወለሉ ላይ አስቀምጬ በሆዴ ተኛሁ። ኤሲው ደግሞ ክፍሉን ስለሚያቀዘቅዝ ለእነሱም ለእኔም ጥሩ ነበር።

ስለ ማይክሮስኮፕ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ "ስንት ጊዜ ያጎላል?" ብሎ ነው። ለፕላንክተን ይሄ ጥያቄ ብዙም አይጠቅምም። አርባ እጥፍ ይበቃል፤ መቶ ከደረሰማ ተርፎታል። ቁም ነገሩ መብራቱ ነው። እነዚህ ፍጥረታት መስታወት ናቸው፤ ከሥር በቀጥታ ብርሃን ስትለቁባቸው ይጠፋሉ። ስለዚህ ከብርሃን ሰብሳቢው ሌንስ ሥር ጥቁር ወረቀት በክብ ቆርጬ መሃሉ ላይ አደርጋለሁ። ያኔ ቀጥ ብሎ የሚመጣው ብርሃን ይታገዳል፣ በጎን የሚገባው ብቻ እንስሳው አካል ላይ ነጥሮ ወደ ሌንሱ ይደርሳል። ውጤቱ ጥቁር መደብ ላይ የሚያበራ ፍጥረት ነው። ዳርክ ፊልድ ይሉታል። ወጪው የአንድ ቁራጭ ወረቀት ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ፍጥነት ነው። ኮፔፖድ የሚባለው፣ ከጠርሙሱ አብዛኛውን የያዘው፣ አንድ ወይ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚሆን የሸርጣን ዘመድ ነው። ረጃጅም አንቴናዎቹን ዘርግቶ ዝም ብሎ ይቆማል። አንቴናው ላይ ያሉት ፀጉሮች የውሃውን ንቅናቄ ይሰማሉ። አንድ ነገር ሲጠጋው ይዘላል፤ በሰከንድ የራሱን ቁመት መቶዎች እጥፍ በሚያስኬድ ፍጥነት። ስልኬ በሰከንድ 120 ምስል ሲቀርጽ እንኳ አንዱ ላይ አለ፣ ቀጣዩ ላይ የለም። መሽሎኪያ እንዳያገኝ ከመሸፈኛው መስታወት ሥር አራቱም ማዕዘን ላይ የቫዝሊን ጠብታ አደርጋለሁ፤ ከዚያ በቀስታ ስጫነው ክፍሉ ይጠባል፣ እንስሳው ግን አይደፈጠጥም።

ይሄም አልበቃ ሲል አምቦ ውሃ አለ። ቀልድ አይደለም። ውሃው ውስጥ ያለው ጋዝ ያደነዝዛቸዋል። አንዲት ጠብታ ብቻ፤ ከበዛ የባሕሩን ጨው አቅጥኖ ይጎዳቸዋል። ጥቂት ደቂቃ ፈዘው ይቆዩና ይነቃሉ። ከአዲስ አበባ ጠርሙሱን ይዤ የወረድኩት ለዚህ ነው። ግማሹን እኔ ነኝ የጠጣሁት።

አንዳንዱ ሰው ናሙናውን በፎርማሊን ገድሎ ፎቶ ያነሳል። ለቆጠራና ለጥናት ያስፈልጋል፣ አልቃወምም። ለእኔ ግን የሞተ ፕላንክተን ቅርፊት ነው። የሸርጣን እጭ በሕይወት ስታዩት ግንባሩ ላይ ትልቅ እሾህ፣ ጀርባው ላይ ሌላ እሾህ፣ ትልልቅ ዓይኖች ይዞ እየተገለባበጠ ይሄዳል። ልቡ ሲመታ ይታያል። የዓሣ እንቁላል ውስጥ፣ አንድ ሚሊ ሜትር በምታህል ጠራ ያለች ኳስ ውስጥ፣ ገና ያልተፈለፈለው ጭራውን ይነቀንቃል። ቀስት ትል የሚሉት ደግሞ እንደ ደነዘዘ ቆይቶ ድንገት ኮፔፖዱን ይይዝና በሙሉ ይውጠዋል፤ ገላው ጠራ ያለ ስለሆነ የዋጠው ሆዱ ውስጥ ይታያል። ይሄን ፎቶ አይነግራችሁም።

ከሁሉም የምፈልገው ሳፊሪና ነበር። እሱም የኮፔፖድ ወገን ነው። ወንዱ ጠፍጣፋ ነው። ከቆዳው ሥር ጓኒን ከሚባል ነገር የተሠሩ የክሪስታል ንጣፎች አሉት፤ በየመሃላቸው ስስ ክፍተት አለ። ብርሃን ሲያርፍበት በክፍተቱ ስፋት ልክ አንዱን ቀለም አንጥሮ ይመልሳል፤ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ወርቃማ። ቀለም ተቀብቶ አይደለም፣ የብርሃን ሥራ ነው። እንስሳው ሲዘነብል የሚመለሰው ብርሃን የሰው ዓይን ወደማያየው አልትራቫዮሌት ይሸሻል። በቃ፣ ጠፋ። አሁን ነበር፣ አሁን የለም።

ለእሱ የዳርክ ፊልዱን ወረቀት አወጣሁና መብራቱን በእጄ ይዤ ከላይ፣ ከጎን አበራሁ፤ ቀለሙ የሚታየው ብርሃን ከላይ ሲመታው ነው። ማሰሮው ውስጥ ብልጭ ስትል በዓይኔ ለቅሜ በጠብታ መሳቢያ አወጣኋት። ስላይዱ ላይ ስትሽከረከር ከወይን ጠጅ ወደ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊ ወደ ምንም ሄደች። ብቻዬን ክፍል ውስጥ "ኧረ በማርያም!" ብዬ ጮኬአለሁ። በሚቀጥለው ክፍል ያሉት ግድግዳ አንኳኩ።

በዚህ ባሕር ውሃ ላይ ዓይኑን ተክሎ የቆየ ሰው ጥንትም ነበር። ኤረንበርግ የሚባለው ጀርመናዊ ከጓደኛው ከሄምፕሪች ጋር በፈረንጆቹ 1820ዎቹ ቀይ ባሕርን ዞረዋል። በ1823 ሲና ላይ፣ ቶር ከምትባለው ወደብ፣ ውሃው በቀይ ደቃቅ ነገር ተሸፍኖ አየ። ወስዶ መረመረው። በ1830 ትሪኮዴስሚየም ብሎ ስም አወጣለት፤ ዛሬም በዚያው ስም ነው የሚጠራው። ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለባሕሩ ማዳበሪያ የሚያደርግ ባክቴሪያ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ሄምፕሪች ግን አገሩ አልተመለሰም፤ በ1825 ምጽዋ ላይ በትኩሳት ሞተ። ኤረንበርግ የሰበሰባቸው ስላይዶች በርሊን ሙዚየም ውስጥ አሁንም አሉ። እሱ ያየውን ለሌላ ሰው ለማሳየት በእጁ መሣል ነበረበት። እኔ ቁልፍ ተጭኜ ስለማይክሮስኮፕ መቅረጽ ችግር አወራለሁ።

በመጨረሻው ምሽት ጋሼን ማታ እንድንወጣ ጠየቅኳቸው። ቀን ቀን ጥልቁ ውስጥ የሚደበቀው ሁሉ ሲጨልም ወደ ላይ ይወጣል፤ ሳይነጋ ተመልሶ ይወርዳል። በየቀኑ፣ በሁሉም ውቅያኖስ። ጋሼ በጨለማ መረብ መጎተት አልፈለጉም። "ለልጅ ጨዋታ ለመሰለ ነገር ጀልባዬን ድንጋይ ላይ አላወጣም" አሉ። ልክ ናቸው። በምትኩ የቀረጽኩትን በስልኬ አሳየኋቸው። የሸርጣኑን እጭ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ሳፊሪናዋን ሲያዩ "ይሄ እዚህ ያለ ነው ወይስ ከኢንተርኔት?" ብለው ጠረጠሩኝ። ማሰሮው ውስጥ የቀሩትን አሳይቼ ነው ያመኑኝ። ከዚያ ውሃውን መልሼ ባሕር ውስጥ ደፋሁት።

ቪዲዮዎቹን በዋትሳፕ ላክሁላቸው። አሁን ለቱሪስቶቻቸው ዌል ሻርኩ ከመምጣቱ በፊት ያሳያሉ። ሰሞኑን ደውለው "አዲስ የለሽም እንዴ?" አሉኝ። ቀዳዳው ጠበብ ያለ መረብ እያሰፋሁ መሆኔን ነገርኳቸው፤ የአሁኑ ዳያተም የሚባሉትን ደቃቅ አልጌዎችና ሌሎቹን ደቃቆች ያሳልፋቸዋል። "እሱንም በዝግታ ነው የምንጎትተው?" ብለው ጠየቁ። "ከበፊቱ የባሰ በዝግታ" አልኳቸው።