ቤይብሌድ በእድር ድንኳን

ገና ካስማው ሳይጠብቅ አንዲት እማማ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ማን ነው ልጄ?" አሉኝ።

"ኧረ ሰው አልሞተም እማማ! ልጆች ሽክርክሪት ሊያጋጥሙ ነው።"

አማተቡ፣ ሳቁ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጥፋቱ የኔ ነው። የነሐሴ ዝናብ ደብረ ብርሃን ላይ ፋታ አይሰጥም፤ ደረቅ ቦታ ሳጣ የሰፈሩን እድር ድንኳን ለመንኩ። ለምን እንደሚተከል ግን ለጎረቤት አልተናገርኩም። ከእማማ በኋላ ሌሎች አራት ሰዎችም ለቅሶ ብለው መጥተዋል።

ነገሩን የጀመረው የእህቴ ልጅ ነው። ቤይብሌድ በመወርወሪያ የሚሽከረከር መጫወቻ ነው፤ ሁለቱ ጎድጓዳ ሜዳ ውስጥ ይለቀቃሉ፤ ቀድሞ የቆመ፣ ከሜዳ የወጣ ወይም የተበታተነ ተሸነፈ። በቃ። ክረምቱን ሙሉ የሰፈሩ ልጅ ሌላ ወሬ አልነበረውም። እኔም "ለምን ውድድር አናደርግም?" አልኩ፤ አፌን ያዙልኝ።

19 ልጅ ተመዘገበ። ሜዳ ግን አንድ ብቻ ነበረን። ሁለተኛውን እናቴ ማድ ቤት አገኘሁት፦ የአሉሚኒየም አክንባሎ። ገልብጠን አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ አስቀመጥነው፤ መያዣው ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ልክክ አለ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ታካራ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1999 እ.ኤ.አ. ቤይብሌድን ያወጣው ቤይጎማ ከሚባል የቆየ ጨዋታ ተነስቶ ነው፤ የዚያ ጨዋታ ሜዳ ደግሞ በርሜል አፍ ላይ የተወጠረ ጨርቅ ነበር።

አክንባሎው ግን ቁልቁለቱ በዛ። ሁሉም ተንሸራቶ መሃል ላይ ይፋጠጣል። ዙሪያውን እየሮጡ የሚማቱት አጥቂዎች መላ አጡ፤ ረጅም የሚሽከረከሩት አሸነፉ። የአክንባሎ ዕጣ የደረሰው ሁሉ አኮረፈ። እውነት አላቸው። አሁን ቢሆን አንዱን ሜዳ ብቻ ይዤ ቀኑን አረዝም ነበር።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ጥሎ ማለፍ ማድረጌ ነው። ከጫጫ በሚኒባስ የመጣ አንድ ልጅ ደቂቃ ሳይሞላ ተሰናበተ። ድንኳኑ ጥግ ቆሞ መወርወሪያውን ሲነካካ ማየት አልቻልኩም። ለሱ ስል "የተሸናፊዎች ዙር" የሚባል ነገር እዚያው ፈጠርኩ፤ ከዋናው ውድድር በላይ የደመቀው እሱ ሆነ። ሁለተኛ ካዘጋጀሁ ማንም ልጅ ሦስት ጊዜ ሳይጋጠም አይሄድም።

ዳኛው እኔ ነበርኩ። ተወዳዳሪዎቹ መሃል ደግሞ የእህቴ ልጅ አለ። ግማሽ ፍጻሜ ላይ የሱ ወደ ቀኝ፣ የተጋጣሚው ወደ ግራ የሚዞር ሆኖ ተገናኙ። እንዲህ ሲሆን ሲነካኩ ፍጥነት ይካፈላሉ፤ አንዱ ሌላውን እያዞረ እኩል ይደክማሉ። የቱ ቀድሞ ቆመ? "የኛው አሸነፈ" አልኩ።

"አዳላህ!" ድንኳኑ ሊፈርስ ነበር።

እማማ ተነሱ። "ስልክ ያለው አልቀረፀም?" አንዱ በስሎው ሞሽን ቀርፆ ነበር። ሦስቴ አየነው፤ አይለይም። ይደገም ተባለ፤ የእህቴ ልጅ ተሸነፈ። እስካሁን በደንብ አያናግረኝም።

ለአሸናፊው አንድ ደርዘን ደብተር ሰጠን። ድንኳኑን አጥፈን መለስን። የቀረው አክንባሎው ነው፤ እናቴ ውስጡን ገልብጣ አላየችውም።