ቡናው የፈላበት ሰፈር

ስቱዲዮው የተያዘው ለአራት ሰዓት ነበር። አራቱም ተዋንያን በሰዓቱ መጥተዋል። የድምፅ ባለሙያው ማይክራፎኖቹን አስተካክሎ ጨርሷል። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጬ የጻፍኩትን ትዕይንት ለመስማት ቸኩያለሁ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የወደድኩት ትዕይንት አልነበረም።

ሥራው ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ነው። ዘመኑ የዐፄ ባካፋ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1721 እስከ 1730። ቦታው ጎንደር። የነገሥታት ዘመዶች ይታሰሩበት ከነበረው ከወህኒ አምባ ያመለጠ አንድ ልዑልና ወንዝ የሚያናግራት አንዲት ልጅ ይዋደዳሉ። ታሪክም፣ ተረትም፣ ፍቅርም አለበት። በዚያ በወደድኩት ትዕይንት ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ይገናኛሉ። ማታ ነው። ነፋሱ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ይመጣል። እሷ ቡና ታፈላለታለች። በአቦሉ ስሙን ይነግራታል። በቶናው ማን እንደሚያሳድደው ይነግራታል። በበረካው ሁለቱም ዝም ይላሉ።

የቤተ መንግሥቱን አጋፋሪ የሚጫወቱት አንጋፋ ተዋናይ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ተወልደው ያደጉት ጎንደር ነው። ተራቸው እስኪደርስ ስክሪፕቱን እያገላበጡ ነበር። ድንገት አጠፉትና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይሄ ባሕር ዛፍ ከየት መጣ?»

«ጎንደር ባሕር ዛፍ የለም እንዴ ጋሼ?»

«አሁንማ ሞልቷል። በባካፋ ጊዜ ግን የለም። ባሕር ዛፍ በምኒልክ የመጣ ዛፍ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ነው፤ አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት በተቸገረች ጊዜ። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ እንደመጣ ይናገራል። ይህን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ግን ያደግኩት እንጦጦ ሥር ነው። ለእኔ የደጋ ማታ ሽታ ማለት ባሕር ዛፍ ነው። ሳላስበው ከእጄ ወጣ።

«እሱስ ይሰረዛል» አሉ ጋሼ። «የከፋው ቡናው ነው። ያኔ የጎንደር ክርስቲያን ቡና አይጠጣም። ቡና የእስላም ነው ይባል ነበር። አያቴ፣ እናቷ ቡና ሳትቀምስ እንደሞተች ትነግረን ነበር። ይቺ ልጅ በክርስቲያን ቤት፣ አቦል ቶና እያለች? እኔ ይሄን በድምፄ አላልፍም። የአገሬ ሰው ይሰማኛል።»

ስቱዲዮው ጸጥ አለ። ባሕር ዛፉን በአንድ ጭረት አጠፋዋለሁ። ቡናውን ግን እንዴት? ትዕይንቱ የቆመው በሦስቱ ሲኒዎች ላይ ነው። ሲኒዎቹ ከወጡ የሚቀር ነገር የለም። ፕሮዲዩሰሩ ሰዓቱን አየ፤ እኔን አየኝ። ያን ቀን አንድ መስመር ሳንቀዳ ተበተንን። የስቱዲዮው ኪራይም የተዋንያኑም የቀን ክፍያ ተከፈለ። «ሁለት ሳምንት አለሽ» ብሎኝ ወጣ።

ጋሼ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ጎንደር ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

«በፎቶ ነው የማውቃት።»

«እንግዲያው ሂጂ። በመኪና አትዙሪ፤ በእግርሽ ሂጂባት።»

ጥቅምት ነበር። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባልበት ብርድ። ሌሊት የተነሳው አውቶቡስ ጎንደር ሲገባ ጨልሟል። ጠዋት በመጀመሪያ ፋሲል ግቢ ገባሁ። ግቢው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። አጥሩ 900 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 12 በሮች አሉት። ይህን ሁሉ ቤቴ ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ። ያላነበብኩት የደረጃውን ቅዝቃዜ ነው። ድንጋዩ ፀሐይ ወጥታም እጅ ያቀዘቅዛል። አስጎብኚው ስለ ነገሥታቱ ሊነግረኝ ይፈልጋል፤ እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። በዚህ ደረጃ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይወጣል? ከዚህ መስኮት የሹክሹክታ ድምፅ ውጭ ይሰማል? ልጁ መጀመሪያ ግራ ቢገባውም በኋላ ገባው። ራሱ ከታች ቆሞ እያንሾካሾከ፣ እኔ ከላይ ጆሮዬን እያዘነበልኩ ሞከርነው።

የዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ቤተ መንግሥት ጋ ስንደርስ ሌላ ስህተቴን አገኘሁ። በስክሪፕቴ ውስጥ ሕንፃው በወርቅና በዝሆን ጥርስ ያበራል። አስጎብኚው ግን እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ እንደጎዳው ነገረኝ። ከባካፋ መንገሥ 17 ዓመት በፊት ማለት ነው። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1941 እንግሊዞች ግቢው ውስጥ የመሸገውን ጣሊያን በአውሮፕላን ሲደበድቡ ይበልጥ ጎዱት። ባየሁት ጊዜ ጣሪያ አልነበረውም፤ ቀና ስል ሰማይ ነው። ለተረት ጸሐፊ የተሰነጠቀ ቤተ መንግሥት ከሚያበራው ይሻላል። በስንጥቁ ድምፅ ይገባል፣ ሰው ይገባል። የሚያበራውን እዚያው ቆሜ ሰረዝኩት።

ከሰዓት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድኩ። ጣሪያውን የሞሉት የመላእክት ፊቶች፣ ዓይኖቻቸው ወደየአቅጣጫው... ብዙ ሰው ስለጻፈበት አልደግመውም። ጸሎቴን አድርሼ ወጣሁ። ለድራማው የሚሆን ነገር እዚያ አልመጣልኝም። ሁሉም ቦታ ለሁሉም ጽሑፍ አይሆንም፤ ማስገደድም ያለብን አይመስለኝም።

በማግስቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ፣ በፋሲል ስም ወደሚጠራው መዋኛ፣ በእግሬ ሄድኩ። እንደጻፍኩት ልጅቷ ከቤተ መንግሥቱ ወጥታ ጀበናው ገንፍሎ ሳይወርድ እዚያ ትደርሳለች። መንገዱ ግን ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኔ ሰዓት ይዤ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ያውም በቀን፣ በአስፋልት፣ በጫማ። በሌሊት፣ በባዶ እግር፣ ጅብ በሚጮህበት ጊዜ አሰብኩት። ሽቅብ ቁልቁሉን እያሰብኩ ስሄድ የልጅቷ ድፍረት በእጥፍ ጨመረብኝ።

ደርሼ ባየሁ ጊዜ መዋኛው ደረቅ ነው። ባዶ። መሃሉ ላይ ያለው ቤት እግሮቹ ተራቁተው ቆሟል። የግቢውን አጥር የትላልቅ ዛፎች ሥር እንደ ጣት አንቆ ይዞታል። እኔ ውሃ ውስጥ ስንት ምዕራፍ ጽፌያለሁ! ጥበቃውን «ውሃው የት ሄደ አባቴ?» አልኳቸው።

«ውሃ ለጥምቀት ነው የሚገባ። ከቀሃ ወንዝ ይለቀቅና ይሞላል። ጥምቀት ሲያልፍ ይወጣል።»

«በሌላ ጊዜስ?»

«በሌላ ጊዜ ይጠብቃላ።»

ይጠብቃላ ያሉት ቃል አብሮኝ ዋለ። የባካፋ ጊዜ ሰዎች ውሃውን መቼ መቼ ይሞሉት እንደነበር ለድራማዬ ወሳኝ አልነበረም። በእኔ ተረት ውስጥ ግን ውሃው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል። ልዑሉና ልጅቷም መነጋገር የሚችሉት ያኔ ብቻ ነው።

ግን የት ሆና ነው የምትሰማው? ቀሃን ተከትዬ ቁልቁል ወረድኩ። ጋሼ በእግርሽ ሂጂባት ያሉኝ ለዚህ ይመስለኛል። በመኪና ብሄድ ወንዙ ወዴት እንደሚወርድ ልብ አልለውም ነበር። ብዙ ከወረድኩ በኋላ አዲስ ዓለም የሚባለው ሰፈር ደረስኩ። ይህ የጥንቱ የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ነው። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ከተማው ከላይ፣ እነሱ ከታች ወንዙ ዳር። የቤተ መንግሥቱን ዕቃ ከሩቅ አገር የሚያመጡት፣ ከተማዋን በንግድ ያቆሟት እነሱ ነበሩ። መኖሪያቸው ግን ከታች ነው።

አንዲት እናት ደጃቸው ላይ ቡና ይሸጣሉ። በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ብረት ምጣዱን ጥደው መቁላት ጀመሩ። ጊዜው አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ነፋሱ ተነሳ። ጭሱ ከምጣዱ ተነስቶ ወደ ጎን ተኛና ወደ ከተማው፣ ሽቅብ ሄደ። በዓይኔ ተከተልኩት።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ደብተሬን አወጣሁና እጄ እየተንቀጠቀጠ ጻፍኩ። ልጅቷ የክርስቲያን ቤት ልጅ አይደለችም። የዚህ ሰፈር ነጋዴ ልጅ ናት። ልዑሉ ከላይ፣ መዋኛው ዳር ተቀምጦ በውሃው ላይ ይናገራል። ውሃው ሲለቀቅ ድምፁን ይዞ ይወርዳል፤ እሷም ደጃቸው ላይ ሆና ትሰማዋለች። መመለስ ግን አትችልም። ውሃ ሽቅብ አይሄድም። ሽቅብ የሚሄደው የቡናዋ ሽታ ነው። እሷ ትቆላለች፤ እሱ ከላይ ያሸተዋል። መልሷ ይኸው ነው። ክርስቲያን ቡና በማይጠጣበት ከተማ ደግሞ የልዑሉ ኩታ ቡና ቡና መሽተት ሲጀምር አጋፋሪው ያውቃል።

ስህተቴ ቡናው አልነበረም፤ ያፈላሁበት ቤት ነበር። አዲስ አበባ ሆኜ ቡናውን ያስገባሁት ለጌጥ ነው፤ እኛ ስለለመድነው፣ አድማጭም ስለሚወደው። ቦታው ላይ ግን ቡና ድንበር ነበር። ሁለት ሰው የሚለያይበት ነገር ነበር። የፍቅር ታሪክ ደግሞ የሚያድገው የሚለያይ ነገር ሲያገኝ ነው። ያን ድንበር ከራሴ ብፈጥረው እንዲህ ጠንካራ አላደርገውም ነበር።

ከመመለሴ በፊት ቁስቋም ወጣሁ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ደብርና ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ከተማዋን ከላይ ያያል። ባካፋ ማንነቱን ደብቆ ሲዞር ቋራ ላይ ታሞ፣ ያስታመመችው የቤቱ ልጅ ወለተ ጊዮርጊስ ነበረች፣ በኋላ ምንትዋብ የተባለችው፣ ይባላል። እንዲያውም ለድራማው መነሻ የሆነኝ ይህ አፈ ታሪክ ነው። ባካፋም እንደ እኔ ልዑል ከወህኒ አምልጦ ነበር፤ ዛሬ እስር ቤትን ወህኒ ቤት የምንለው ከዚያ አምባ ስም ነው። በስክሪፕቴ እቴጌይቱ በሦስት ክፍል ላይ ይናገራሉ፣ ይቆጣሉ፣ ያማልላሉ። ቁስቋም ላይ ግን አጽማቸው ያለበትን ትንሽ ሣጥን አየሁ። የእሳቸው፣ የልጃቸው የዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ እና የልጅ ልጃቸው የዐፄ ኢዮአስ አጽም። ከዚያ ወዲህ በአፋቸው ቃል ማስገባት ከበደኝ። በአዲሱ ስክሪፕት እቴጌይቱ አይናገሩም። ሲያልፉ የልብሳቸው ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ሌሎች ይነሳሉ። ተረቱን በፈጠርኳቸው ሰዎች ላይ እንደፈለግኩ እጫወትበታለሁ። የነበሩትን ሰዎች ግን እንደነበሩ መተው መረጥኩ።

ስመለስ ፕሮዲዩሰሩ የሃይማኖቱ ነገር አስፈራው። መፍራቱ ትክክል ነው። አዲስ ዓለም ያደገ የሥራ ባልደረባ ስክሪፕቱን እንዲያነብልን ለመንነው። የልጅቷን አባት በሁለት ቦታ አስተካከለልኝ፤ የቡና ምርቃቱንም እንደገና አስጻፈኝ። «አባትየው ክፉ አይሁን፤ የሚፈራ አባት ይሁን» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በድርጅታችን የታሪክ ድራማ የጉዞ በጀት አለው። የመጀመሪያው ረቂቅ ሳይጻፍ ጸሐፊው ቦታውን ይረግጣል።

ቀረጻው የተደረገው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የድምፅ ባለሙያው የቡና አቆላል ድምፅ ከማኅደሩ ሊያወጣ ሲል ጋሼ እምቢ አሉ። «እዚሁ ይቆላ» አሉ። የጽዳት ባልደረባችን ከሰል አቀጣጥላ፣ ብረት ምጣዱን ይዛ ገባች። ማይክራፎኑን አጠገቡ አደረግነው። ፍሬው መንጣጣት ጀመረ። ጭሱ ክፍሉን ሞላው። ልዑሉን የሚጫወተው ወጣት ኩታ ተደርቦ ገብቶ ፊት ለፊታቸው ቆመ። በሬዲዮ ኩታ አይታይም፤ እሱ ግን ካልለበስኩ አለ።

ጋሼ ስክሪፕቱን አላዩም። ጠጋ አሉት። ረጅም ትንፋሽ በአፍንጫቸው ሳቡ፤ በጆሮ ማዳመጫዬ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ በዝግታ፣ ለብቻው እንደሚነግሩት ሁሉ፣

«ይህ ኩታ የት ነው ያደረው?» አሉት።