ለተማሪ ዴስክ ስጫረት የተማርኩት

የመጀመሪያውን ጨረታ የተሸነፍኩት በአንዲት አኃዝ ነው። 1,850 ብዬ የሞላሁትን ነጠላ ዋጋ እንደገና ሳሰላው አላዋጣኝ ስላለ፣ 8ቷን ወደ 9 ቀየርኳት። እስክሪብቶውን ጫን አድርጌ ደገምኩባት፣ በቃ። ከአምስት ተጫራቾች ዝቅተኛው ዋጋ የኔ ነበር፤ ሳጥኑ ተከፍቶ ሲነበብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማታ ለልጆቹ ሥጋ ገዝቼ ገባሁ። ከቀናት በኋላ የደረሰኝ ደብዳቤ ግን «ስርዝ ድልዝ ያለበትና ፊርማ ያልተደረገበት በመሆኑ ውድቅ ተደርጓል» ይላል።

እኔና ሦስት ጓደኞቼ ጎንደር ውስጥ አዘዞ መንገድ ዳር የእንጨትና ብረታ ብረት ሥራ አለን፤ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን የጀመርን ነን። በንዴት ቅሬታ ልጽፍ ተነሳሁ። ቅሬታ አቅራቢ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ማመልከት እንደሚችል የነገረኝ አንድ የቆየ ተጫራች ነው። «ግን መጀመሪያ ሰነድህን አንብብ» አለኝ። አነበብኩ። የተስተካከለ ነገር ሁሉ አጠገቡ ካልተፈረመበት ዋጋ እንደሌለው በግልጽ ተጽፏል። ቅሬታውን ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ባዶውን የዋጋ መሙያ ቅጽ ሁለት ሦስት ኮፒ ሳላደርግ እስክሪብቶ አላነሳም።

ያኔ ሰነዱን እስከ መጨረሻው ማንበብ ጀመርኩ፤ እዚያ ውስጥ ብዙ ነገር አለ። ለምሳሌ ነጠላው ዋጋና ድምሩ ካልተጣጣሙ የሚያዘው ነጠላው ነው። ነጠላው ዋጋ ላይ አንዲት ዜሮ ከጎደለች የጨረታ ኮሚቴው ድምሩን በዚያው በጎደለው ዋጋ ያሰላዋል። እኛን መሰል ማኅበራት ደግሞ ለጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ (ባንክ የሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) ከማሠራት ይልቅ ካደራጀን ተቋም የዋስትና ደብዳቤ ማቅረብ እንችላለን፤ ደብዳቤው ግን የዚያኑ ጨረታ ስምና ቁጥር ይዞ መምጣት አለበት። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ይዤ ሄጄ በር ላይ ተመልሻለሁ። ሰው የሚነግርህን ሕግም ከየት እንዳመጣው ጠይቅ። ፌዴራሉ የራሱ የግዥ አዋጅ አለው፣ ክልላችንም የራሱ፤ ከተማ አስተዳደርና ወረዳ ግዥ የሚፈጽሙት በክልሉ አዋጅ ነው። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በስልክ የሚመክረኝ ግማሹ እዚህ አይሠራም።

ሁለተኛው ጨረታ ሁለት ሎት፣ ማለትም ለየብቻ የሚወዳደሩበት ሁለት ምድብ ነበረው፤ የተማሪ ኮምባይንድ ዴስክ (መቀመጫና ጠረጴዛው የተያያዘ) እና የመጻሕፍት መደርደሪያ። የዴስኩ መግለጫ «30 በ30 አር ኤች ኤስ» (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ብሎ ዝም ይላል፤ የብረቱ ውፍረት የለም። አራዳ ብረት ቤት ሄጄ ስጠይቅ የአንድ ሚሊ ሜትሩና የአንድ ነጥብ አምስቱ ዋጋ አይገናኝም። አንዱ ጓደኛዬ «ዝም ብለህ በቀጭኑ ሙላ፣ ሁሉም የሚሞላው እንደዚያ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዋጋ ብቻ ሲወዳደር ቀጭን ብረት ያሸንፋል፣ ዴስኩ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጉልበቱ ይከዳዋል። ለዚህ ኮሚቴውን መውቀስ ይቀለናል፤ ኮሚቴ ግን ያልተጻፈ መስፈርት ይዞ ማንንም መጣል አይችልም።

ማብራሪያ እንዲሰጠን በማኅተም ደብዳቤ ጻፍኩ፣ መዝገብ ቤት ቁጥር አሰጠሁት። ግዥ ክፍል ያለችውን ሴት «እትዬ፣ በቃል ይንገሩኝ» ብላት፣ «በቃል ከነገርኩህ ላንተ ብቻ ነገርኩህ ማለት ነው» አለችኝ። መልሱ በጽሑፍ ወጣ፣ ሰነድ ለገዙት ሁሉ ደረሰ፤ 1.5 ሚሊ ሜትር። ጓደኛዬ ለሳምንት አኮረፈኝ።

የዴስኩን ሎት አሸነፍን፣ በመደርደሪያው ተሸነፍን። ውሉን የፈረምነው ታኅሣሥ 14 ነው፤ የውል ማስከበሪያው አሥር በመቶ፣ ማስረከቢያው ሠላሳ ተከታታይ ቀን። «ተከታታይ» የምትለዋን ቃል ዓይኔ አይቷት ልቤ አላያትም። በሥራ ቀን እየቆጠርኩ ነበር። ገና ገባ፣ ሁለቱ ብየዳ ሠራተኞቼ ገጠር ወርደው ቀሩ። ከዚያ ጥምቀት መጣ። በከተራ ዋዜማ ጎንደር ውስጥ አይሱዙ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ሾፌሩ ስልክ ካነሳላችሁ ዕድለኛ ናችሁ። መንገዱ በእንግዳ ሞልቶ፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ የሚወርዱበት ሲዘጋጅ፣ እኛ ቀለሙ ያልደረቀ ዴስክ ግቢያችን ውስጥ ደርድረን ቆመናል። ጥር 17 አስረከብን። የሦስት ቀን የመዘግየት ቅጣት ከክፍያችን ላይ ተቆረጠ።

ርክክቡ ላይ የመጣው ባለሙያ የውፍረት መለኪያ ካሊፐር ይዞ ነበር። ከየረድፉ አንድ አንድ ዴስክ እየገለበጠ የቱቦውን አፍ ለካ፤ 1.5። ያቺን ደብዳቤ ባልጽፍ ኖሮ ምን ይለካ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ባለፈው ወር ጎረቤታችን ያለ ልጅ የጨረታ ሰነድ ይዞ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ እስቲ እይልኝ፣ አራት ሰዓት ይዘጋል።» የዋጋ ቅጹ መሃል ላይ ነጭ ፍሉድ ተቀብቶ፣ በላዩ አዲስ ዋጋ ተጽፎበታል። ፊርማ የለውም። ባዶ ኮፒ አስቀርቶ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ደግነቱ አስቀርቷል።

«ቁጭ በልና እንደገና ጻፈው» አልኩት። ሰዓቱ 3:20 ነበር።