ከኮሌጅ በፊት አንድ ዓመት በኢየሩሳሌም፦ እንዴት ሄድኩ፣ ምን ተማርኩ

ሃይስኩል ጨርሼ ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት አንድ ዓመት ኢየሩሳሌም ተምሬያለሁ። ኒውዮርክ ያደግኩ የቤተ እስራኤል ልጅ ነኝ። እናቴ በሱዳን በኩል አሜሪካ ገባች፤ አክስቴ ደግሞ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን እስራኤል ሄደች። በአሜሪካ አይሁድ ጓደኞቼ ዘንድ ይህ «ጋፕ ዪር» የተለመደ ነው። እኛ ቤት ግን አዲስ ነገር ነበር። «ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትተሽ ልትቀመጪ?» አለች እናቴ። ከተመለስኩ ወዲህ ብዙ የእኛ ወላጆችና ልጆች ስለጠየቁኝ፣ ያደረግኩትን ልጻፈው።

መጀመሪያ ኮሌጁን ያዝኩ። እንደማንኛውም ተማሪ አመለከትኩ፤ ሲቀበሉኝ ቦታዬን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩልኝ በጽሑፍ ጠየቅኩ። ብዙዎቹ ኮሌጆች ይፈቅዳሉ። ግን የፈቃዱ ደብዳቤ እጃችሁ ሳይገባ ትኬት እንዳትቆርጡ። ስኮላርሺፑ አብሮ ይቆይ እንደሆነም አጥብቃችሁ ጠይቁ። ውጭ አገር ክሬዲት መውሰድም ጣጣ አለው፤ አንዳንድ ኮሌጅ እንደ አዲስ ገቢ ተማሪ መቁጠሩን ይተዋል፣ ያኔ እርዳታው ሊነካ ይችላል። የፌደራሉ የገንዘብ እርዳታ ፎርም በየዓመቱ ስለሚሞላ፣ እኔ የሞላሁት ኢየሩሳሌም ሆኜ ነው።

ገንዘቡ ከባድ ነው፣ አልደብቃችሁም። የረዳኝ ማሳ የሚባል ድርጅት ነው። ማሳን የእስራኤል መንግሥትና የአይሁድ ኤጀንሲ በ2004 አቋቋሙት። ራሱ አያስተምርም፤ ብዙ ፕሮግራሞች ከሱ ጋር ይሠራሉ፣ እሱ ለተማሪዎቹ ድጎማ ይሰጣል። ምኩራባችንም ጨመረልኝ። የጎደለውን በክረምት ሥራ ሞላሁት። ወረቀቱ ደግሞ ፓስፖርት፣ የሐኪም ፎርም፣ አጭር ድርሰት፣ አይሁዳዊነትን የሚመሰክር የረቢ ደብዳቤና የተማሪ ቪዛ ነው። ደብዳቤው ላይ ብዙ የእኛ ሰው ይጨነቃል። ረቢያችሁን ቀደም ብላችሁ አነጋግሩ፤ የቤተሰባችሁን ታሪክ ሰነድ ካላችሁ በሰነድ፣ ከሌላችሁ በቃል አስረዷቸው። አባት ወይም እናት የእስራኤል ዜጋ ከሆኑ ግን ከሁሉ በፊት ቆንስላ ሂዱ። የዜጋ ልጅ በእስራኤል ፓስፖርት መግባት ሊኖርበት ይችላል፣ የውትድርናው ጉዳይም አለ።

ፕሮግራም ስመርጥ ፎቶ አላየሁም። የሳምንቱን የትምህርት ሰሌዳ ላኩልኝ አልኩ። ጉብኝትና በጎ ፈቃድ ሥራ የሚበዛበት አለ። ወንዶች በየሺቫ፣ ሴቶች በሴሚናር፣ ለየብቻ ሃይማኖት የሚማሩበት አለ። በስኮፐስ ተራራ እንዳለው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ፣ ክሬዲት ይዛችሁ የምትወጡበትም አለ። እኔ ጠዋት ጠዋት መጽሐፍ የሚነበብበትን፣ ከሰዓት ኡልፓን፣ ማለትም የዕብራይስጥ ቋንቋ ትምህርት ያለውን መረጥኩ። ጥሩ ምርጫ ነበር፤ ዛሬም ብሆን እሱኑ እመርጣለሁ።

አነባበቡ በሐቭሩታ ነው። ሁለት ሆናችሁ አንድ ገጽ ላይ ትቀመጣላችሁ፤ ጮክ ብላችሁ ታነባላችሁ፣ ትከራከራላችሁ። ክፍሉ እንደ ገበያ ይንጫጫል። የእኔ ሐቭሩታ የለንደን ልጅ ነበረች። ስምንት ሌሊት መብራት በሚበራበት በሀኑካ በዓል ሰሞን፣ ከታልሙድ፣ ማለትም ከጥንት ረቢዎች የሕግና የክርክር መጽሐፍ፣ ስለ መብራቱ የሚናገረውን አነበብን። ጽሑፉ መሃል ላይ ነው፤ በአንድ ጎኑ የመካከለኛው ዘመን ረቢ የራሺ ሐተታ፣ በሌላው ቶሳፎት የሚባሉት የኋላ ረቢዎች ማብራሪያዎች ከበውታል። የሻማይ ቤት፣ ማለትም የጥንቱ ረቢ የሻማይ ተማሪዎች ወገን፣ በመጀመሪያው ሌሊት ስምንት አብርተህ እየቀነስክ ሂድ ይላል። የሌላው ረቢ የሂሌል ቤት በአንድ ጀምረህ ጨምር ይላል። ዛሬ የሚሠራው በሂሌል ነው። እሷ ለሂሌል ቆመች፣ እኔ ለሻማይ። ስንሟገት ቆይተን «አያትሽ ስንት ታበራ ነበር?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። አያቶቻችን ኦሪትን በግዕዝ ይዘው ኖሩ እንጂ ታልሙድም ሀኑካም አልነበራቸውም።

«ታዲያ ሰንበትን እንዴት ነበር የምታከብሩት?» አለች። አክስቴ ጋ ደወልኩ። «ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል ልጄ። ምግቡ በቀን ይሠራል፣ ሰንበት ላይ ቀዝቃዛውን እንበላለን» አለችኝ። ዘጸአት 35 ቁጥር 3ን ገለጥን። በሰንበት በቤታችሁ እሳት አታንድዱ የሚለው ነው። ረቢዎቹ፣ አስቀድሞ የተለኮሰ ይቆይ፣ አዲስ አይለኮስ ብለው ተረዱት። ቄሶቻችን ደግሞ እሳት ጭራሽ አይኑር አሉ። ቃሉ ያው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሌሎቹ የሚያውቁትን ለመድረስ የምሮጥ ሆኖ መሰማቱ ቀረልኝ። የእኔም ቤት የሚጠቀስ ነገር ነበረው። አስተማሪያችንም ነገሩን ሰምታ ለክፍሉ ሁሉ እንዳስረዳ አደረገችኝ።

ስለዚህ ለሚሄዱ ልጆች የምለው ይህን ነው። ከመሄዳችሁ በፊት አያቶቻችሁን ጠይቁ፣ ድምፃቸውን ቅረጹ። እዚያ ዘመድ ካላችሁም ሰንበቶቻችሁን ሁሉ ለጓደኛ አትስጡ። አክስቴ ቂርያት ጋት ነው የምትኖረው። ዓርብ ከሰዓት አውቶቡስ ስለሚቆም በጊዜ መነሳት ያስፈልጋል። ስለ ጸጥታም ፕሮግራሙን ያለ ይሉኝታ ጠይቁ፤ መጠለያው የት ነው፣ ጉዞ ማን ይፈቅዳል፣ ለወላጅ ማን ይደውላል። እናቴ የተረጋጋችው የዚህን መልስ ስታገኝ ነው።

የእኛን የቤተ እስራኤልን የስግድ በዓልም ከፕሮግራሙ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ከዮም ኪፑር 50ኛው ቀን ነው፤ ክነሴቱ፣ የእስራኤል ፓርላማ፣ በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። እኛ ሰሌዳ ላይ አልነበረም። ስጠይቅ የዚያን ቀን ትምህርት ሰርዘው ሁላችንም በዓሉ ወደሚከበርበት ኢየሩሳሌም ውስጥ ወዳለው አርሞን ሃናፂቭ ወጣን። ቄሶቹ በጥላ ሥር ኦሪቱን በግዕዝ አነበቡ፣ በአማርኛ ተረጎሙት። ነጭ የለበሱ እናቶች እጃቸውን ዘርግተው ይጸልዩ ነበር። ጾሙ ሲፈታ አክስቴ ዳቦውን እየቆረሰች ለክፍል ጓደኞቼ ሰጠቻቸው፤ እነሱ ሲጠይቋት እኔ ሳስተረጉም ዋልኩ። ፕሮግራሙ በሚቀጥለው ዓመት ስግድን ከመጀመሪያው ሰሌዳው ላይ አስገባው፤ አንድ ቄስም መጥተው እንዲያስተምሩ ጋበዘ።