መብራት ሲጠፋ የማይናከሰው ልጄ

አራት ዓመት ተኩል የሆነው ልጄ ይናከሳል። ከመዋዕለ ሕፃናት ከተመለሰ በኋላ፣ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የታናሽ እህቱ ክንድ ላይ የጥርስ ምልክት አይጠፋም። እማዬ «ዓይን ነው፣ ጸበል ውሰጂው» አለች። ባለቤቴ «ካርቱኑ ነው» አለ። እኔ በአዳማ ሙቀት አሳበብኩ፤ በሚያዝያ ቆርቆሮ ሥር ውሎ የማይናከስ ማን ነው?

የልዩ ፍላጎት መምህርት የሆነች ጓደኛዬ «ከመቅጣትሽ በፊት ጻፊው» አለችኝ። ከመናከሱ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ከዚያስ ምን ተከተለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሲድኒ ቢጁና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1968 ያስተዋወቁት መንገድ ነው አለች። የዕቁብ ደብተሬን ከኋላ ገልብጬ ሦስት መስመር አሰመርኩ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ መብራት በጠፋባቸው አራት ቀናት አንድም ንክሻ የለም። ባለቤቴ «አላልኩሽም? ቴሌቪዥኑ!» ብሎ ጨፈረ። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ። በ12፣ በ19 እና በ21 መብራትም ነበር፣ ካርቱኑም ሲጮህ ነው የዋለው፤ ልጁ ግን ሰላም። እሑዶቹም እንደዚያው። ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም... አጥር የሚጋራን ብየዳ ቤት የሚዘጋባቸው ቀናት!

ግራይንደሩን እኛ ለምደነው መስማት ትተናል። በማግስቱ ሥራዬን ትቼ ልጁን ብቻ አየሁ። ብረቱ ሲያፏጭ ትከሻው ወደ ጆሮው ወጣ፣ የሚገፋትን መኪና አቆመ። እህቱ መኪናዋን ነካች። ጥርስ።

ያሳፈረኝ ግን ሦስተኛው መስመር ነው። በነከሰ ቁጥር ጓዳ አስገብቼ ስልክ እሰጠው ነበር፤ ጓዳው ደግሞ ጩኸቱ የማይደርስበት የቤቱ ክፍል ነው። ከነከስኩ ጸጥታ አገኛለሁ ብሎ ቢያስብ ምን ይፈረድበታል? አስተማሪው እኔው ነኝ።

አሁን ገና ሲገባ፣ ሳይነክስ፣ መክሰሱን ጓዳ እሰጠዋለሁ። ሲብስበት ቀሚሴን ጎትቶ «ጆሮዬን» ማለት ለምዷል። ሐሙስ ዕለት ግራይንደር በሌለበት ነክሷታል፤ የመጀመሪያው መስመር ባዶ ነው።

ብየዳ ቤቱም ሄጄ ነበር። ጋሼ መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ «ብረት በሹክሹክታ አይቆረጥም» አሉ። ትናንት 10 ሰዓት ላይ ግን በአጥሩ በኩል ድምፃቸውን ሰማሁ፦

«ልጄ፣ ያ ጎረምሳ ጓዳ ገብቷል? ሁለት ቱቦላሬ ብቻ ናት የምቆርጠው!»