ሰርቨሬ አላስገባህም ያለኝ ሌሊት፣ ሪፊውዝድ እና ታይምድ አውት ለየቅል ናቸው

ነገሩ የጀመረው ሴኪዩሪቲ ላጠናክር ብዬ ነው። ኡቡንቱ 24.04 (ሊኑክስ ነው) የተጫነበት አንድ ሰርቨር አለኝ፣ ከርቀት የምገባበት በኤስኤስኤች ነው፣ ሎጉን በከፈትኩ ቁጥር ኤስኤስኤች በተለምዶ በሚሰማበት በር፣ ፖርት 22 ላይ፣ ቀን ከሌት ፓስወርድ የሚሞክር ቦት ነው የማየው፣ አንዱ በሩት አንዱ በአድሚን ስም ይደበድበዋል። ስለዚህ አንድ ማታ ሦስት ነገር ባንዴ ልስራ አልኩ፦ ፖርቱን ከ22 ወደ 2222 መቀየር፣ በፓስወርድ መግባትን ዘግቶ በቁልፍ (ላፕቶፔ ላይ ባለ ሚስጥራዊ ፋይል) ብቻ ማድረግ፣ የትኛው ፖርት ክፍት እንደሆነ የሚወስነው ፋየርዎሉ ላይ ደግሞ 22ን ዘግቶ 2222ን መክፈት። ሦስቱን ባንዴ መነካካቴ ነው በኋላ ያሰቃየኝ፣ ሲበላሽ የትኛው እንዳበላሸው መለየት አቃተኝ።

ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ፖርት 2222 ብዬ ጻፍኩ፣ ፓስወርድ ኦተንቲኬሽንን ኖ አልኩት፣ ኤስኤስኤችን ሪስታርት አደረኩ፣ ምንም ኤረር የለም። ፋየርዎሉንም አስተካከልኩ። የገባሁበት መስኮት እየሰራ ስለነበር ሁሉም ሰላም ነው ብዬ ኤግዚት አልኩ። እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ ፋየርዎሉ፣ ዩኤፍደብሊው የሚባለው፣ አስቀድሞ የተከፈተን ኮኔክሽን አይቆርጥም፣ ስለዚህ የቆየው ተርሚናል መስራቱ አዲስ ሰው መግባት መቻሉን በጭራሽ አያሳይም።

ተመልሼ በ2222 ልግባ ስል ኮኔክሽን ሪፊውዝድ አለኝ፣ ወዲያው፣ ሰከንድ እንኳን ሳይቆይ። በ22 ስሞክረው ደግሞ ዝም፣ ከርሰሩ ብልጭ ድርግም እያለ ሁለት ደቂቃ አካባቢ ቆይቶ ኮኔክሽን ታይምድ አውት። ያኔ ሁለቱንም "አልሰራም" ብዬ አንድ ላይ ጠቅልዬ ኢንተርኔቴን ሳጣራ ራውተር ሳጠፋ ሳበራ አንድ ሰዓት ሄደ። ለካ መልሱ እዛው ስክሪኑ ላይ ተጽፎልኛል። ሪፊውዝድ ማለት ብዙ ጊዜ ፓኬትህ ሰርቨሩ ጋ ደርሷል፣ ፋየርዎሉም አሳልፎታል፣ ግን እዛ ፖርት ላይ የሚሰማ ፕሮግራም የለም ማለት ነው። ታይምድ አውት ደግሞ መንገድ ላይ አንድ ነገር ፓኬቱን ውጦታል፣ መልስም አልላከም፣ አብዛኛውን ጊዜ ፋየርዎል ነው ወይ ደግሞ አይፒው ተሳስቷል። ሁለቱን አንድ ላይ ስታነባቸው የኔ ችግር ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ፋየርዎሉ ወደ 2222 ዞሯል፣ ኤስኤስኤች ግን አሁንም 22 ላይ ቁጭ ብሏል።

ሰርቨሩን ያከራየኝ ድርጅት ዌብሳይት ላይ ባለው ኮንሶል ገባሁ፣ እሱ በሰርቨሩ ኔትወርክ በኩል ስለማይመጣ ፋየርዎልም ኤስኤስኤችም አይመለከተውም። የትኛው ፕሮግራም የትኛው ፖርት ላይ እንደሚሰማ የሚያሳየውን ኤስኤስ የሚባል ኮማንድ ከቲኤልኤንፒ ጋር ስመታው በእርግጥም 22 ነው የሚሰማው፣ መስመሩ ላይ ከኤስኤስኤችዲ (ሰርቨሩ ላይ የሚሰራው የኤስኤስኤች ፕሮግራም) ጎን "ሲስተምዲ፣ ፒአይዲ 1" ይላል፣ ሲስተምዲ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስነሳው ነው። ያቺ ነገር ናት ፍንጩን የሰጠችኝ። በ24.04 ፖርቱን የሚይዘው ራሱ ኤስኤስኤች ሳይሆን ኤስኤስኤች ሶኬት የሚባል የሲስተምዲ ዩኒት ነው፣ ሰርቪሱን ብቻ ሪስታርት ብታደርገው ሶኬቱ የድሮውን ፖርት ይዞ ይቀጥላል። መጀመሪያ ሲስተምዲ ሴቲንጉን እንደገና እንዲያነብ ዴሞን ሪሎድ፣ ከዛ ሶኬቱን ሪስታርት፣ በቃ 2222 መጣ። እኔ ለዓመታት በለመድኩት መንገድ ስለሄድኩ ነው የሳትኩት።

ደስ ብሎኝ ወደ ላፕቶፔ ስመለስ ሦስተኛው መጣ፣ ፐርሚሽን ዲናይድ፣ ፐብሊክ ኪ። ይሄ ደግሞ ከሁለቱ ጋር ምንም አይገናኝም፣ ኔትወርኩ ጤነኛ ነው፣ ኤስኤስኤችም አናግሮሃል፣ ማንነትህን ነው ያልተቀበለው። እኔ ግን ቁልፌ ድሮም ይሰራል ብዬ እምል ነበር። ስገባ ይጠይቀኝ የነበረውን የቁልፌ ፓስፍሬዝ (ቁልፉን ራሱን የሚከፍተው ቃል) አድርጌ ነበር የማየው፣ ለካ ቁልፉን ሰርቨሩ ከጣለው ቆይቷል፣ ይጠይቀኝ የነበረው የዩዘሩን ፓስወርድ ነው፣ ሁለቱም ቦታ አንድ አይነት ቃል ስለምጠቀም ልዩነቱን አላየሁትም። ጽሁፉን ብቻ ባነበው ይለይ ነበር፣ አንዱ "ፓስፍሬዝ ፎር ኪ" ነው የሚለው ሌላው የዩዘርና የሰርቨር ስም አስቀድሞ "ፓስወርድ"።

ላፕቶፑ ላይ ዝርዝሩን እንዲያሳየኝ በሦስት ቪ ብሞክረው ቁልፉን አቀረብኩ ይላል፣ ከዛ አልተቀበሉኝም፣ ለምን እንደሆነ ምንም የለም። ይሄ ሆን ተብሎ ነው፣ ምክንያቱን ለማያውቀው ሰው ቢነግር ሰብሮ ለሚገባውም መንገር ነው። ምክንያቱ ያለው ሰርቨሩ ሎግ ውስጥ ነው፣ ኮንሶሉ ላይ ሎግ የሚያሳየውን ጆርናልሲቲኤልን ለኤስኤስኤች ዩኒት ከፍቼ ካጠገቡ ሌላ ሙከራ ሳደርግ አንድ መስመር ወጣች፦ "ኦተንቲኬሽን ሪፊውዝድ፣ ባድ ኦውነርሺፕ ኦር ሞድስ ፎር ዳይሬክተሪ" ከዛ የሆም ዳይሬክተሬ (የራሴ ዋና ፎልደር) ስም፣ ባለቤቱ ወይም ፈቃዱ ልክ አይደለም ማለት ነው። ከሳምንታት በፊት ሌላ ፕሮግራም ፋይል እንዲያስቀምጥልኝ ብዬ ሆሜን ግሩፑ እንዲጽፍበት ፈቅጄ ነበር። ስትሪክት ሞድስ የሚባለው ሴቲንግ በዲፎልት የስ ስለሆነ ሌላ ሰው ሊጽፍበት የሚችል ሆም ውስጥ ያለን የቁልፍ ፋይል አያምንም፣ ልክም ነው፣ ሆምህን መንካት የቻለ ሰው የራሱን ቁልፍ ሊያስገባበት ይችላላ። የግሩፑን መጻፍ አነሳሁ፣ ዶት ኤስኤስኤች ፎልደሩን 700፣ የቁልፍ ፋይሉን ኦተራይዝድ ኪስን 600 አደረኩ (ሁለቱም ለኔ ብቻ ማለት ነው)፣ ገባሁ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር።

አሁን ኮንፊግ ስነካ ሰርቪሱን ሪስታርት ከማድረጌ በፊት ኤስኤስኤችዲን በትንሿ ቲ ስህተት እንዳለው አስፈትሸዋለሁ፣ በትልቋ ቲ ደግሞ በትክክል የሚሰራበትን ሴቲንግ አያለሁ፣ ምክንያቱም ኮንፊግ ዲ ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል ቀድሞ ስለሚነበብና መጀመሪያ የተነበበው ስለሚጸና ዋናው ፋይል ላይ የጻፍከው ዋጋ ላይኖረው ይችላል። የገባሁበትን መስኮት ሳልዘጋ በሌላ ተርሚናል በአዲሱ መንገድ ገብቼ አያለሁ። ፋየርዎል ስነካ ደግሞ ከ10 ደቂቃ በኋላ ፋየርዎሉን የሚያጠፋ ታይመር አስቀድሜ አስነሳለሁ፣ መግባቴን ካየሁ ታይመሩን እሰርዘዋለሁ።

ያ ፋይል የሚያስቀምጠው ፕሮግራምም ከሆሜ ውጪ ኤስአርቪ በሚባለው ፎልደር ስር የራሱ ፎልደር ተሰጥቶታል፣ ሆሜ ላይ የሚጽፍ ከኔ ሌላ የለም።